ማየት፣ መፍረድ፣ መሥራት



ለድኻው ይጠቅማል ተብሎ የሚቀርብ ዕቅድ ሁሉ በእርግጥ ይጠቅመዋልን? ቅዱስ ዮሐንስ 23ኛ በ1961 እ.ኤ.አ. «እናትና መምህር» በተሰኘው መልእክታቸው ለማኅበራዊ ጉዳይ ሦስት ደረጃዎችን አመልክተዋል፤ እነርሱም ሁኔታውን ማየት፣ መፍረድና መሥራት ናቸው። ቅደም ተከተሉ ሊጠበቅ ይገባል፤ ሳያይ የሚፈርድ ሰው በቸርነቱም ይጎዳልና።

ለዚህ አካባቢያችን ምስክር ነው። በ1977 ዓ.ም. የተራበው የወሎ ሕዝብ በኮረም፣ እንዲሁም ዛሬ ከሚሴ ዋና ከተማው በሆነችው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ በምትገኘው በባቲ፣ በመጠለያ በተሰበሰበ ጊዜ መንግሥት ሰፈራን መፍትሔ አድርጎ አቀረበ። አሳቡ ሲሰሙት ቀና ነበር፤ የደጋው መሬት ደክሟል፣ በምዕራብ ሰፊ መሬት አለ፣ እንግዲህ ሕዝቡ ይሂድ የሚል ነው። ይሁን እንጂ «ባዶ» የተባለው ምድር ጉሙዝን፣ አኙዋክንና ሌሎችንም ሕዝቦች የሚያኖር ነበር። ወባና የከብት ገንዲ ለደጋ ገበሬ እንግዳ ነበሩ። ቦታዎቹም በጥድፊያ ተመረጡ። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ 600,000 ያህል ሰዎች ተጓጓዙ፤ ብዙዎች ተገደዱ፣ ቤተሰብ ተለያየ፣ ብዙ ነፍስም ጠፋ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ከተረፉት ብዙዎቹ ወደ ወሎ ተመለሱ።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ግን በሌላ መንገድ ተመዘነ። ተመራማሪዎች በየሁለት ዓመቱ ወደ እነዚያው ቤተሰቦች እየተመለሱ ጠየቁ፤ ተረጂዎቹንም በኑሮ ከሚመስሏቸው ካልተረዱት ጋር አነጻጸሩ። ዝናብ በሰመረበት ዓመት የሁሉም ጎተራ ይሞላልና፣ ንጽጽሩ ባይኖር የዝናቡ ሥራ ለፕሮግራሙ በተቆጠረ ነበር። በውጤቱም ርዳታው ሳይቋረጥ በደረሰበት ስፍራ የረሀቡ ጊዜ በአንድ ወር ያህል አጠረ፤ የሕፃናት መቀንጨር ግን በፕሮግራሙ ምክንያት ሲቀንስ አልታየም። የተሳካውም ያልተሳካውም ስለ ታወቀ ቀጥሎ ምን መታከል እንዳለበት መነጋገር ተቻለ።

ስለዚህ ዕቅድን መመርመር ድኻውን መጥላት አይደለም፤ በስሕተታችን ዋጋ የሚከፍለው እርሱ ስለሆነ ለእርሱ መጠንቀቅ ነው።

ለውይይት፦ በቁምስናችሁ ወይም በቀበሌያችሁ የቀረበ አንድ ዕቅድ ወስዳችሁ እነዚህን ጠይቁ።

1. ችግሩ በቦታው ታይቷልን ወይስ ተገምቷል?
2. ዕቅዱ ባይኖር ምን ይሆን ነበር?
3. የሚነካቸው ሰዎች ተጠይቀው ፈቅደዋልን?
4. ዕቅዱ ቢከሽፍ በምን ይታወቃል? ማንስ ያርመዋል?