ያበጠው ፊደል

በእኛ ክፍል "ኮምፒዩተር ይሻላል ወይስ እጅ?" የሚለው ክርክር ከተነሳ ማቆሚያ የለውም። እኔ የኮምፒዩተር ወገን ነበርኩ። በዚህች አጭር ጽሑፍ አቋሜን ያናጋብኝን ነገር ላካፍላችሁ።

ባለፈው ሴሚስተር ስለ ቡና ፖስተር እንድንሠራ ታዘዝን። እኔ በአንድ ማታ ጨረስኩ። "ቡና" ሁለት ፊደል ብቻ ስለሆነ የወረቀቱን ስፋት አልሞላ ሲለኝ በማውዝ ይዤ ወደ ጎን ለጠጥኩት። መምህራችን አይተው "ይሄ ፊደል ምን ነክቶት ነው ያበጠው?" አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ እንጂ መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት የቁም ጽሕፈት ስለማመድ ነው። የመቃ ብዕር ጫፉ ጠፍጣፋ ተደርጎ ይቆረጣል። አያያዙን ሳይለውጡ ወደ ታች ሲስቡት ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲስቡት ቀጭን መስመር ይወጣል። የፊደላችን እግር ወፍሮ አግዳሚው የሚቀጥነው ከዚህ የተነሳ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ፊደሉን እንደ ላስቲክ ነው የሚስበው። ወደ ጎን ሲለጠጥ እግሩ አብሮ ይወፍራል፣ አግዳሚው በነበረበት ውፍረት ይቀራል። የእኔ "ቡ" የዝሆን እግር ያወጣችው ለዚህ ነበር! በብዕር የሚጽፍ ሰው ቦታ ሲተርፈው እግርና እግሩን ያራርቃል። የሚሰፋው መሐሉ ያለው ባዶ ቦታ ነው፤ የብዕሩ ውፍረት አይለወጥም።

አንድ ጓደኛዬ "ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍም ፊደል ይለጥጡ የለም እንዴ?" ብሎ ሞገተኝ። እውነት ነው፣ ይለጥጣሉ፣ ያጣምማሉም። ግን እያንዳንዱን መስመር በእጃቸው ወስነው ነው። እኔ የወሰንኩት ነገር አልነበረም፤ ማውዙን ጎተትኩ፣ አለቀ። ብራና ላይ የሚጽፍ ሰው ሲሳሳት ቀለሙን በስለት ፍቆ ነው የሚያርመው። አስቀድሞም መስመሩን በወስፌ አስምሮ፣ ቦታውን ለክቶ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን ኮንትሮል ዜድ አለልኝ ብዬ ምኑን ልለካ?

ታዲያ ኮምፒዩተሩን እንተወው ማለቴ አይደለም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው። ፖስተሩን እንደገና ስሠራም ሁለቱን ፊደላት በጠፍጣፋ ብዕር ጽፌ ስካን አደረግኋቸውና ቀለሙን ኮምፒዩተር ላይ መረጥኩ። በአንድ ሰዓት አሥራ ሁለት ዓይነት ሞከርኩ፤ በብሩሽ ቢሆን ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር (ያውም መብራት ሳይጠፋ የተገኘ አንድ ሰዓት ነው)።

መምህራችን ሁለተኛውን አይተው ስለ "ቡ" ምንም አላሉም። "ና" ላይ ግን ጣታቸውን አሳርፈው "እግሯ ተንሻፏል፣ ይቺን ድገማት" አሉኝ። አሁን እሷን እየጻፍኩ ነው።