ምስጢሩ ከላፕቶፑ እንዳይወጣ

ጥያቄ፦ በብልባላ የምሠራ ነርስ ነኝ። የሕሙማን ማስታወሻ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ባሳጥር ምስጢራቸው ይወጣል?

መልስ፦ በብራውዘር ከላኩት ጽሑፉ አገልግሎቱን የሚሰጠው ኩባንያ ሰርቨር ላይ ይደርሳል። ላፕቶፕ ላይ የሚጫን መተግበሪያ ይሻላል፤ ሁሉም ግን አይደለም። የቻትጂፒቲ የዴስክቶፕ መተግበሪያም ጽሑፉን ወደ ኩባንያው ነው የሚልከው። ኦላማና ኤልኤም ስቱዲዮ የተባሉት መተግበሪያዎች ግን ሞዴሉን ራሱን ላፕቶፑ ላይ ስለሚያወርዱት ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራሉ፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋ ላየ የአማራ ክልል ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። (የኦላማን የክላውድ ሞዴሎች ግን ይተዉ፤ እነሱ ጽሑፉን ወደ ሰርቨር ይልካሉ።) 8 ጊጋባይት ራም ላለው ላፕቶፕ ባለ 4 ቢሊዮን ፓራሜትር ሞዴል ይስማማል፤ ላሊበላ ሲሄዱ በዋይፋይ ያውርዱት። የትንንሾቹ ሞዴሎች አማርኛ ደካማ ነው፤ ሞዴሉ ያወጣውን ሳያርሙ መዝገብ ላይ አያስፍሩ። ላፕቶፑ ሊሰረቅም ይችላልና ዲስኩን ያመስጥሩት፤ የታካሚ ስምም አይጻፉ።