በኦርግ ሞድ አማርኛ መጻፍ፤ የገጠሙን ችግሮችና ያገኘናቸው መፍትሔዎች

መግቢያ

የዘጠኝ ሰዎች ቃለ መጠይቅ በአንድ ሌሊት ወደ ጥያቄ ምልክት ሲለወጥ ያየሁ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለመመረቂያ ሥራ የመረጥነው ርዕስ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ውስጥ ያለው የመዝገብ አያያዝ ነበር። አምስት ወር ሙሉ እየተመላለስን የመጋዘን ኃላፊዎችን፣ የሚዛን ሠራተኞችንና አባል ገበሬዎችን አነጋገርን። ማስታወሻውን ሁሉ በአማርኛ የያዝነው በኦርግ ሞድ ነው። ይህች ጽሑፍ ዓላማዋ መሣሪያውን ማስተዋወቅ ብቻ ሳይሆን፣ ሲያስቸግር ችግሩ የት ላይ እንዳለ እንዴት እንደሚለይ ከራሳችን ስሕተት ተነሥቶ ማሳየት ነው። የዘንድሮ ተመራቂዎች እኛ የከፈልነውን እንዳትከፍሉ ተስፋ አደርጋለሁ።

1. ኦርግ ሞድ ምንድን ነው?

ኦርግ ሞድ ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ውስጥ የሚሠራ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ካርስተን ዶሚኒክ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ከ22ኛው የኢማክስ ቅጂ ጀምሮ ከኢማክስ ጋር አብሮ ይመጣል። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው። ርዕስ በኮከብ ምልክት ይጀምራል፤ ንዑስ ርዕስ ከሆነ ሁለት ኮከብ፣ ከዚያ በታች ሦስት እያለ ይቀጥላል። ሠንጠረዥ የሚሠራው በቁም መስመር ነው። ፋይሉ ሌላ በማንኛውም ተራ የጽሑፍ ማዘጋጃ ይከፈታል። ነገ ኦርግ ሞድ የሚባል ነገር ባይኖር እንኳ ጽሑፋችን ይነበባል ማለት ነው። እኛም የመረጥነው ለዚህ ነው። «ተራ ጽሑፍ አይበላሽም» ብለን ነበር። ለካ ይበላሻል!

2. ሦስቱ ምልክቶች

አማርኛ ፋይል ተከፍቶ «ተበላሸ» ሲባል ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው የሚታየው። ሦስቱ በመልክ ይለያያሉ፤ ትርጉማቸውም ፈጽሞ የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ሳጥን ነው። በፊደሉ ቦታ ባዶ ወይም በውስጡ ትንንሽ ቁጥር የተጻፈበት ሳጥን ይታያል። ይህ የሚሆነው ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፎንት ሲያጣ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁጥር የፊደሉ የዩኒኮድ ቁጥር ስለሆነ፣ እንዲያውም ፋይሉ ጤነኛ ለመሆኑ ምስክር ነው። ፎንት መጫን ነው፤ አለቀ።

ሁለተኛው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው፤ በላዩ ጭረትና ነጥብ የተደረገበት፣ አንድም ቃል የማይወጣው። ይህ በእኔ ላይ የደረሰው ሥራውን ልናስረክብ ሦስት ቀን ሲቀረን በላቦራቶሪ ነበር። ሳየው ላብ አጠመቀኝ። «በቃ፣ ከወረቀት ላይ እንደገና እንጽፈዋለን» ብዬ ፋይሉን ላጠፋው ስል፣ የላቦራቶሪው ረዳት ከኋላዬ ሆኖ «ቆይ፣ ቆይ! ሴቭ እንዳታደርግ። መጀመሪያ ፊደሎቹን ቁጠር» አለኝ። ቆጠርኩ። በአማርኛው ቦታ በየሦስት ምልክቱ አንድ ላዩ ላይ ጭረት ያለው ትንሽ ኤ ይመላለስ ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ ሲገባ የተሰጠው ቦታ ከ1200 ይጀምራል (ቁጥሩ በ16 ቤት አቆጣጠር ነው)። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ከእነዚህ ፊደላት እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል፤ «ሰላም» 9 ባይት ነው። የሦስቱ ባይቶች መጀመሪያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን ቁጥሩ 225 ነው። በምዕራብ አውሮፓ የላቲን ኮድ ደግሞ 225 ማለት ያ ጭረት ያለው ኤ ነው። ስለዚህ ኤዋ በየሦስት ምልክቱ ከተመላለሰች ፋይሉ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ የአከፋፈት ነው። የላቦራቶሪው ኮምፒውተር ቅድሚያ የሚሰጠው ለላቲን ኮድ ነበር።

መፍትሔው፦ ኮንትሮልን ይዞ ኤክስ፣ ቀጥሎ ኢንተር፣ ቀጥሎ አር ተጭኖ ዩቲኤፍ-8 ብሎ መጻፍ። ኢማክስ ያንኑ ፋይል በትክክለኛው ኮድ እንደገና ያነበዋል። አማርኛው ተመልሶ ሲመጣ የተሰማኝን ደስታ ልገልጸው አልችልም። ችግሩ እንዳይመለስ በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ኮዱ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚናገር ማስታወሻ ማስገባት ይቻላል፤ ኢማክስ ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ሦስተኛው የጥያቄ ምልክት ነው። ይህኛው ክፉ ነው። ከጓደኞቼ አንዱ ዘጠኝ ቃለ መጠይቆችን ለማረም ከዋናው ፋይል ቆርጦ አወጣና በኪራይ ኮምፒውተር ላይ በሌላ ቀላል የጽሑፍ ማዘጋጃ ሠራባቸው። ሴቭ ሲያደርግ አንድ የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ማን ያነባል? «እሺ» የሚለውን ተጫነ። መስኮቱ እስኪዘጋ ድረስ አማርኛው በደንብ ይታይ ስለነበር ምንም አልጠረጠረም። በማግሥቱ ሲከፍተው ከዳር እስከ ዳር የጥያቄ ምልክት ሆኗል።

ማስጠንቀቂያው ይል የነበረው «የመረጥከው ኮድ እነዚህን ፊደላት መያዝ አይችልም፤ ይጠፋሉ» ነው። ፕሮግራሙም ያለውን አደረገ። ሀም ሆነ ፐ፣ ሁሉም በአንድ ቁጥር፣ በ63 ተተካ፤ 63 የጥያቄ ምልክት ቁጥር ነው። ከአንድ ቁጥር ውስጥ የትኛው ፊደል እንደነበረ መልሶ የሚያወጣ ሶፍትዌር የለም። አንድ ማረጋገጫ ልጨምር፤ የፋይሉን መጠን እዩ። 3 ባይት የነበረው ፊደል 1 ባይት ስለሚሆን ፋይሉ ወደ ሲሶው ተጠግቶ ይቀንሳል። የኛም እንደዚያው ሆኖ አገኘነው።

ምን አደረግን? ኢማክስ አንድ ፋይል ከተከፈተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀመጥ የቀድሞውን ቅጂ በስሙ መጨረሻ ላይ የሞገድ ምልክት ጨምሮ ያስቀምጣል። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ከነበረው ከዚያ ቅጂ ስድስቱን አገኘን። ሁለቱን ከወረቀት ማስታወሻ መልሰን ጻፍን። የቀረው አንዱ የመጋዘን ኃላፊው ነበር፤ ግማሽ ቀን ወስዶ ያስረዳን ሰው። እያፈርን ተመለስን። «ጋሼ፣ የነገሩን ሁሉ ከኮምፒውተር ጠፋብን» አልናቸው። ሳቁና የተቀዳደደ ባለ ጥቁር ሽፋን መዝገባቸውን ከመሳቢያ አወጡ። «አይዟችሁ ልጆቼ፣ የኔው እንኳ አለ» ብለው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩልን። ስለ መዝገብ አያያዝ ልናጠና ሄደን መዝገብ አያያዝ የተማርነው እዚያ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

3. የተንጋደደ ሠንጠረዥ

ይህኛው ቀላል ነው። በሠንጠረዥ ውስጥ አማርኛ ሲገባ ቁም መስመሮቹ ይንጋደዳሉ። ኦርግ ሞድ ዓምዶቹን የሚያስተካክለው ፊደላት የተወሰነ እኩል ስፋት አላቸው ብሎ በመቁጠር ነው። አብዛኞቹ የግዕዝ ፎንቶች ግን ለ«ጨ» ሰፊ፣ ለ«ነ» ጠባብ ቦታ ይሰጣሉ። ጓደኛዬ መስመሮቹን በባዶ ቦታ እየሞላ ለማስተካከል አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀ። ኦርግ ሞድ ደግሞ ታብ በተጫነ ቁጥር መልሶ ያፈርስበታል!

ፋይሉ ግን አልተነካም። የሚቆጠረው የቁም መስመሩ መኖር እንጂ የቆመበት ቦታ አይደለም፤ ወደ ድረ ገጽ ወይም ወደ ፒዲኤፍ ሲላክ ሠንጠረዡ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ዓይንን የሚረብሽ ከሆነ ቪአላይን የሚባል ተጨማሪ ጥቅል አለ። ዓምዶቹን በፊደል ብዛት ሳይሆን በስክሪን ነጥብ ለክቶ ያስተካክላል፤ ፋይሉ ውስጥ ምንም አይጨምርም።

4. ፍለጋው የደበቀብን ነገር

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ምንም ምልክት የማያሳየው ችግር ነው። ውጤታችንን ስንጽፍ ስንት ሰው ስለ ሒሳብ አሠራሩ እንዳማረረ ለመቁጠር «ሒሳብ» የሚለውን ቃል ፈለግን። ከግማሽ በታች ሆነ። «አብዛኛው ሰው በሒሳቡ ቅሬታ የለውም» ብለን ጻፍን።

አንድ ቀን ግን ያነጋገርኩት ገበሬ፣ ስለ ሒሳብ ብቻ ያወራኝ ሰው፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ጠፋብኝ። ነገሩን ስናጣራ፣ እኔ «ሒሳብ»፣ ጓደኛዬ «ሂሳብ» ብለን እንጽፋለን። ለጆሯችን አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያየ ቁጥር ነው። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ሠ 1220፣ ሰ ደግሞ 1230 ነው፤ ምንም ዝምድና የላቸውም። «ኅብረት ሥራ ማኅበር» የሚለውን ስም ብቻ ብንወስድ፣ ኅ በሦስት ዓይነት፣ ሥ በሁለት፣ የማኅበሩ ኅ ደግሞ በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ስለሚችል በጠቅላላው 18 አጻጻፍ ይወጣዋል። እንደገና ስንቆጥር ቅሬታ ያላቸው ከግማሽ በላይ ሆኑ። መደምደሚያችን ተገለበጠ።

ያደረግነው ማሻሻያ እንዲህ ነው። ኢማክስ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው 25ኛ ቅጂ ጀምሮ ዘመድ ፊደላትን እንደ አንድ ቆጥሮ መፈለግ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 27ኛ ቅጂ ጀምሮ ደግሞ ተጠቃሚው የራሱን ዝርዝር መጨመር ይችላል። እኛም ለአማርኛ ድምፀ ሞክሼዎች ዝርዝር አዘጋጀን። ለሰና ሠ ሰባት ቡድን፣ ለጸና ፀ ሰባት ቡድን ወጣ። በሀ፣ ሐ፣ ኀ ግን አንደኛውና አራተኛው ድምፅ አንድ ስለሆነ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ በአንድ ቡድን ገብተው ስድስት ቡድን ሆነ፤ አና ዐም እንደዚሁ ስድስት። በድምሩ 26 ቡድን ነው። መጀመሪያ ላይ በ«ሂ» ስንፈልግ «ሒ»ን ያገኛል፤ በ«ሒ» ስንፈልግ ግን «ሂ»ን አያገኝም ነበር። ዝርዝሩ በሁለቱም አቅጣጫ እንዲሠራ የሚያዝ ሌላ ማስተካከያ እንዳለ ያገኘነው መመሪያውን ስናነብ ነው።

5. ባዶ ፒዲኤፍ

ኦርግ ሞድ ፒዲኤፍ የሚያዘጋጀው በላቴክ በኩል ነው። መደበኛው ፒዲኤፍላቴክ ለግዕዝ ስላልተዘጋጀ በስሕተት መልእክት ይቆማል። ወደ ዚላቴክ ስንቀይረው መልእክቱ ጠፋ፣ ፒዲኤፉም ወጣ፤ አማርኛው ግን ባዶ ቦታ ሆኖ። ዚላቴክ ፊደሉ በፎንቱ ውስጥ ከሌለ ሥራውን አያቆምም፤ የጎደሉትን በመዝገብ ፋይሉ ውስጥ ብቻ ይዘረዝራል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለውን ነፃ ፎንት ስናዝዝለት ተስተካከለ። አቢሲኒካ ወፍራም ዓይነት ስለሌለው ለርዕሶች ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ተጠቀምን።

6. ማሻሻያን ለሌሎች ማካፈል

የሞክሼ ዝርዝሩን ስንጨርስ «ለምን ለሁሉም ተጠቃሚ እንዲሆን አንልከውም?» ተባባልን። አንድ መምህራችን ግን ጥሩ ጥያቄ ጠየቁን፤ «ትግርኛ የሚጽፈውስ?» በትግርኛ ሀና ሐ፣ አና ዐ የተለያየ ድምፅ ናቸው። በግዕዝም ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ሰረቀ ማለት ደግሞ ሰረቀ ነው። ለእኛ የጠቀመው ለሌላው ፀሐይን ሌባ ያደርግበታል። ስለዚህ ዝርዝሩ በየተጠቃሚው ማስተካከያ ውስጥ እንዲቀር ተስማማን። በክፍት ምንጭ ሥራ ላይ ማሻሻያ ከመላክ በፊት «ለእነማን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እውነተኛ ስሕተት ስታገኙ ግን አትተዉት። መጀመሪያ ኢማክስን የራሳችሁን ማስተካከያ ሳይጭን አስነሡት፤ ያኔ ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ የራሳችሁ ነው። ካልጠፋ፣ ችግሩን የሚያሳይ አጭር ፋይል አዘጋጅታችሁ ኦርግ ሞድ ራሱ ባለው የስሕተት ማሳወቂያ ትእዛዝ ላኩ። ከ15 መስመር ያነሰ የኮድ ማስተካከያ ደግሞ የቅጂ መብት ውል ሳትፈርሙ ማቅረብ ትችላላችሁ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የተማርነው አንድ ነገር ነው። ችግር ሲታይ ፋይሉ ላይ ነው፣ ፎንቱ ላይ፣ አከፋፈቱ ላይ፣ ፍለጋው ላይ ወይስ ሕትመቱ ላይ? ይህን ሳይለዩ እጅን ወደ ሴቭ መስደድ ጤነኛውን ፋይል መግደል ነው። ሳጥን ካያችሁ ፎንት፣ ባለ ጭረት ኤ ካያችሁ ኮድ፣ የጥያቄ ምልክት ካያችሁ ደግሞ ቶሎ ወደ ቀድሞው ቅጂ። ቅጂ ከሌላችሁስ? ዛሬውኑ ይኑራችሁ፤ በፍላሽም፣ በጊትም፣ በወረቀትም። ባለ ጥቁር ሽፋን መዝገብ በመሳቢያው ያለው ሰው ሁልጊዜ አይገኝምና።