ካርታው ሲበወዝ ሽሮው እንዳያር
ለመሪ ሰፈር ጎረቤቶቻችን የቀረበ ማሳሰቢያ

መሪ ላይ ክረምት ሲገባ፣ ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ብርድ ማታ ማታ ሁላችንንም ወደየቤታችን ይሰበስበናል። ከቀላል ባቡሩ ፌርማታ ወርዶ፣ ጭቃውን አራግፎ የገባ ሰው አንድ ዙር ኮንከር ቢያምረው አይፈረድበትም። ልጆችም ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሉዶና ዳማ ሲጫወቱ ይውላሉ። ደግ አደረጉ። ሁሉም ስልኩን ይዞ በየጥጉ ከሚቀመጥ፣ አንድ ምንጣፍ ላይ ተሰብስቦ መሟገቱ በስንት ጣዕሙ!

ችግሩ ቤታችን ሥራ የማይቆምበት መሆኑ ነው። ሽሮው እሳት ላይ ነው፤ የፈረቃው ውሃ ዛሬ ሌሊት ይመጣል፤ ልብሱ ገመድ ላይ ነው፤ ደመናው ደግሞ ጠቁሯል። ጨዋታ ሲጥም ይህ ሁሉ ይረሳል፤ ካልተረሳም አንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ይህን የምንለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ክፉ አስቦ ጎረቤቱን የሚያስቸግር በመካከላችን የለም፤ "ይቺን ዙር ብቻ ልጨርስ" ብሎ የማያውቅም የለም። ብንነጋገርበት ይበጃል ያልነውን እነሆ።

ከሁሉ በፊት እሳቱ

በሰፈራችን ካርታ ከመሳቢያ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ መብራት ሲጠፋ ነው። ምጣዱ እንደተሰካ፣ ካውያው እንደተሰካ፣ ሁላችንም ወደ ሻማው እንሰበሰባለን። ከዚያ "እነ እትዬ ቤት መብራት አለ" ይባልና ቤቱን ዘግተን ወደዚያ እንሄዳለን። መብራቱ የሚመጣው ታዲያ ያኔ ነው።

እናድርግ፦
– ካርታ ከመበወዛችን በፊት የምጣዱን፣ የምድጃውንና የካውያውን መሰኪያ እንንቀል፤ መብራት ሲመለስ ቤት ውስጥ ሰው ላይኖር ይችላል።
– ሻማውን ሰሃን ወይም ጣሳ ላይ እናቁም፤ አንድ ክንድ ሲወራጭ ሻማው የሚወድቀው መጋረጃው ላይ ነው።
– ድስት የጣደ ሰው የስልኩን ደወል ይሙላ፤ "አስታውሰዋለሁ" የሚለው ሰው ጥሩ ካርታ ሲደርሰው አያስታውስም።
– የእሳትና ድንገተኛ አደጋን ቁጥር 939ን ልጆች ሁሉ በቃላቸው ይያዙ፤ ያን ቀን ቤት የሚገኙት እነሱ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ።

እንተው፦
– ዘይት እሳት ላይ ጥዶ ለአንድ ዙር እንኳ መቀመጥ፤ ዘይት ተራችን እስኪደርስ አይጠብቅም።
– "ሲመጣ ራሱ ይብራ" ብሎ ምጣድን ከነሶኬቱ መተው፤ ጭሱ ወደ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ከበላያችን የተኛው ሕፃን ዘንድ ነው።
– እንጀራ እየጋገረች ያለችን ሰው "ነይ ተራሽ ደርሷል" እያሉ ማጣደፍ፤ በጥድፊያ የሚቃጠለው እንጀራው ብቻ አይደለም፣ እጇም ነው።

የከሰሉን ነገር ግን በአንድ መስመር ብቻ አናልፈውም። ቡናው ተፈልቶ አልቋል፤ ምድጃው ግን ፍም ስላለው "ይሙቀን" ተብሎ ከመካከላችን ይቀራል። ብርድ ነውና በሩ ይዘጋል፤ በመስኮቱ ክፍተት ጨርቅ ይወተፋል። ጨዋታው ይደራል። ከሰል በታፈነ ቤት ውስጥ ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል፣ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም። ተጫዋቹ ደግሞ "ብዙ ተቀምጬ ነው"፣ "የሻማው ብርሃን ዓይኔን ወግቶኝ ነው" ይላል እንጂ ከሰሉን አይጠረጥርም። ጎኑን ጋደም ካለ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ቡናው እንዳለቀ ምድጃውን ወደ ውጭ እናውጣ። በረካው እስኪወርድ ድረስም መስኮት ይከፈት፤ ብርዱን ጋቢ ይከለክለዋል። ከመካከላችን ሁለት ሰው አንድ ላይ ራሴን አመመኝ ካለ፣ ጨዋታው እዚያው ላይ ይቁም፤ ሁላችንም ውጭ እንውጣ፤ የታመመውንም ሐኪም ዘንድ እናድርስ። ያቋረጥነውን ዙር ማን እንዳሸነፈ ነገ ብንከራከር ይሻላል።

ማን ተቀምጧል፣ ማን ቆሟል?

ይህን ጥያቄ በየቤታችን ዙሩ ሲጀመር አንድ ጊዜ ቀና ብለን ብንጠይቀው ምኞታችን ነው። በብዙዎቻችን ቤት መልሱ የታወቀ ነው፤ የቆመችው ወይ እናት ናት፣ ወይ ትልቋ ልጅ፣ ወይ የቤት ሠራተኛችን። አራት ሰው ምንጣፍ ላይ ተዘርግቶ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ካርታውን ደርድሯል፤ እሷ ሲኒ ትሰበስባለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ውሃ ታቀብላለች። ሳቁን የምትሰማው በወጥ ቤቱ በር በኩል ነው። ማንም ክፉ አላሰበም። የእኛ የዕረፍት ሰዓት ግን የእሷ ሥራ የሚበዛበት ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ እኛ በተጫወትን ቁጥር የሚጨመረው ሲኒና ሰሃን ደግሞ የእሷ ነው።

ስለዚህ ሥራውን ተካፍለን ጨርሰን አብረን እንቀመጥ፤ አንዱ ያጥባል፣ አንዱ ያለቀልቃል፣ አንዱ ይወለውላል፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የማያልቅ ሥራ ከሆነ ወደ ጨዋታው እናምጣው፤ ምስር መልቀም፣ ጎመን መቀንጠስ፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ ተራ እየጠበቁ የሚሠሩ ናቸው። (ካርታ ለመሳብ እጅ መታጠብ ግዴታ ነው፤ በርበሬ የነካ ጆከር ዓይን ያስለቅሳል።) ቢላ የሚያስይዝ ሥራን ግን ወደ ጨዋታው አናምጣ፤ ዓይን አንድ ቦታ፣ እጅ ሌላ ቦታ ይሆናል።

ሠራተኛችንን "አንቺ ካርታ ምን ያደርግልሻል" አንበላት፤ ሦስት ቀን ብናስተምራት በአራተኛው ቀን ሁላችንንም የምትበላን እሷ ልትሆን ትችላለች። ያመመችውን ወይም የደከማትንም እንድትጫወት አናስገድድ፤ የእሷ ጨዋታ መተኛት ሊሆን ይችላል።

"የተሸነፈ ሰሃን ያጥባል" የሚለው ውል ደስ ይላል፤ እኛም እንወደዋለን። ሁልጊዜ የሚሸነፈው የቤቱ ትንሽ ልጅ ከሆነ ግን ውሉ ጨዋታ መሆኑ ይቀርና ቅጣት ይሆናል። ያኔ ዕጣ እናውጣ፣ ወይም አሸናፊው ያድርቅ።

ማቆሚያው ላይ ብዙ ቤት ይጨቃጨቃል። በአንዳንድ ደጆቻችን የሚሠራበት ዘዴ ይህ ነው፦ ጨዋታው ከአቦል ጋር ይጀመራል፣ ከበረካው ጋር ይዘጋል። ሰዓት አይቶ "ተነሱ" የሚል ክፉ ሰው አያስፈልግም፤ ጀበናው ራሱ ይናገራል። ቡናውን የምታፈላውም ከሦስቱ የቡና ዙሮች በአንዱ እጇ ላይ ካርታ ይኑር፤ ሲኒ መቅዳት ለማናችንም አያቅትም።

ግድግዳችን የጋራ ነው

ጩኸት የጨዋታ ቅመም ነው፤ አዲስም አይደለም። የአገራችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ወረራ የሚባል መክፈቻ ነበረው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቁ በየፊናቸው ያስኬዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1800ዎቹ መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሄንሪ ሳልት፣ የአገሩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ዙሪያውን የከበበው ሰው፣ አሽከሩ ሳይቀር፣ እየጮኸ እንደሚያማክር፣ መጨረሻ ላይ ግን ራስ እንዲያሸንፉ እንደሚደረግ ጽፏል። አባወራዎች ሆይ፣ በቤታችንም ሁልጊዜ የምናሸንፍ ከሆነ ትንሽ እንጠርጥር። ለማንኛውም፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ከወለላቸው ሥር የሌሊት ፈረቃ ሠርታ የተኛች ነርስ አልነበረችባቸውም። እኛ ኮንዶሚኒየም ነን።

እናድርግ፦
– ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ድምፃችንን እንቀንስ፤ ሕፃናት የሚተኙት፣ ተማሪም የሚያጠናው ያን ጊዜ ነው።
– ከዳማው ሰሌዳ ሥር ብርድ ልብስ ወይም የታጠፈ ጋቢ እናንጥፍ፤ ለእኛ ትንሽ "ጧ" የምትለው ቆርኪ ለታችኛው ቤት መዶሻ ናት።
– ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት የእሁድ ጨዋታ ከሆነ ኮሚቴውን አስፈቅደን በሳይቱ የጋራ ቤት እናድርገው፤ ለድግስና ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራ ቤት ለዚህም ይበቃል።
– ዝናብ ሲጀምር ለልብስ የተነሳ ሰው የጎረቤቱንም አብሮ ያንሳ፤ እሷም ምናልባት ካርታ ይዛለች።
– ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ጎረቤታችንን እንጥራ፤ "ጋሼ፣ አራተኛ ሰው ጎድሎናል" ማለት "እንዴት ዋሉ" ከማለት የበለጠ ያስደስታቸዋል።

እንተው፦
– ደረጃ ላይ ተቀምጦ መጫወት፤ ጀሪካን የተሸከመች እናት መውጫ ታጣለች፣ እኛን ላለመርገጥም ትሰናከላለች።
– የፈረቃ ውሃ መቅጃ ከፍቶ ወደ ጨዋታ መመለስ፤ በርሜሉ ሞልቶ ሲፈስ ከታች ያለው ጣሪያ ያብጣል፣ ያው ውሃ ደግሞ ላይኛው ፎቅ ሳይደርስ ይቋረጣል።
– ጨዋታ አለ ብሎ የደረጃ ጽዳት ተራን ማሳለፍ፤ የእኛን ቆሻሻ ሌላው ሰው ከራሱ ጋር ደርቦ ይጠርጋል።

ልጆችና ብር

ዳማ ለመጫወት የካርቶን ክዳን፣ እስክሪብቶና የለስላሳ ቆርኪ ይበቃል። አንዱ ቆርኪውን በጀርባው፣ ሌላው በሆዱ ይደረድራል፤ ንጉሥ የሆነው ላይ አንድ ቆርኪ ይደረባል። በዚህ ርካሽ ሰሌዳ ልጆቻችን መሸነፍን፣ ተራ መጠበቅን፣ ሦስት እርምጃ አስቀድሞ ማሰብን ይማራሉ። ገበጣም እንዲሁ ነው፤ የአክሱም ዘመን የገበጣ ጉድጓዶች ማታራና የሃ ላይ በድንጋይ ተፈልፍለው ተገኝተዋል። አያቶች ያሉበት ቤት አጨዋወቱን ዛሬ ይጠይቅ፤ በየአገሩ ደንቡ ይለያያልና የእነሱ ዓይነት ከእነሱ ጋር ሊሄድ ይችላል።

ዳዴ የሚል ሕፃን ባለበት ግን ቆርኪ፣ ዳይና የገበጣ ጠጠር ተቆጥሮ ይነሳ፤ መሬት ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፣ ይታነቃል። ለገበጣ የያዝነውን ባቄላም ወደ ማሰሮው አንመልሰው፤ ስንት እጅ ዞሮበታል!

ብር አናስይዝ። "አሥር ብር ብቻ፣ ለማሟሟቅ" ይባልና በሳምንቱ ሃምሳ ይሆናል፤ ከዚያ ኮንከሩ ይቀርና ሴካ ይመጣል። የተበላው ሰው የተበላው የራሱን ብር ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ደብተር፣ የእቁብ ገንዘብ ነው። በማግስቱ በደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይቀዘቅዛል። አጠገብ ተቀምጦ የሚያየው ልጅ ደግሞ ካርታ ማለት ብር ማለት እንደሆነ ይይዛል። ነገሩ የገባበት ወንድማችን ካለ በሰው ፊት አናዋርደው፤ ለብቻው ጠርተን እናናግረው፣ ሲያፍር ይደብቃልና።

ለቅሶ ቤት

በእድራችን ድንኳን ሌሊቱን ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድር ሰው ካርታ እንደሚጫወት ሁላችንም እናውቃለን። ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ አንስማማም። ያ ካርታ ባይኖር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ የሚቀረው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ቢሆንም ሐዘንተኛው ከግድግዳው ወዲያ ነው። በሳቅ አንፈንዳ፣ ካርታ በጠረጴዛ ላይ አንለጥፍ፣ ብር በጭራሽ አናስይዝ። ለቀስተኛ ሲገባ ካርታው ይከደን፤ የመጣው ሰው እኛን ሊያይ አልመጣም። ሌሊት ሻይና ንፍሮ የሚያቀርቡት ሴቶች ናቸው፤ እነሱም እንቅልፍ አጥተዋል። ስለዚህ ተጫዋቾች በየተራ እየተነሳን ብርጭቆውን እንሰብስብ፣ እንጨቱን እንፍለጥ፣ ሲነጋ ወንበሩን እንደርድር።

አንድ ትንሽ ነገር ቀርታለች። ከጥቅሉ ካርታ የጎደለ ጊዜ ትናንት መጥቶ የነበረውን ሰው ወይም የእሱን ልጅ አንጠርጥር፤ በዚህ ሰበብ ቡና መጠራራት ያቆሙ ቤቶች አሉ። ትርፍ ጆከር ላይ የጠፋውን ካርታ ስም በእስክሪብቶ ጽፈን ጨዋታውን እንቀጥል። ቅዳሜ ሶፋው ተገፍቶ ሲጠረግ ደግሞ ሥሩን እንይ።