በስኒው ላይ ያረፈው ቀረጥ

ሰፈራችን ውስጥ፣ ከታክሲ ማዞሪያው አጠገብ፣ ረከቦት ዘርግታ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። አንድ ጠዋት ደንበኞቿ ስለ ግብር ሲያወሩ ሰማችና «እኔስ ተመስገን፣ ግብር የሚባል ነገር አያውቀኝም» አለች። አጠገቧ በርጩማ ላይ የተቀመጠው የመጋዘን ሠራተኛ ደግሞ «ከእኔ ደመወዙ ሳይደርሰኝ ይቆርጡታል፤ ከዚያ በኋላ በእጄ የገባው ግን የራሴ ነው» ብሎ መለሰላት። ሁለቱም ከልባቸው ነው የተናገሩት። ብዙዎቻችን የምናምነውም ይህንኑ ነው። ይህን ትምህርት የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ ሳንቸኩል፣ በብርና በሳንቲም እየቆጠርን እንሂድ።

አስቀድሞ መያዝ ያለበት አንድ መሠረት አለ። ሕጉ ግብሩን የሚጠይቀው ሰውና ሸክሙ የሚያርፍበት ሰው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አስመጪው ጉምሩክ ቆሞ ቀረጥ ይከፍላል። የከፈለውን ዋጋው ላይ ጨምሮ ለጅምላ ነጋዴው ያሻግረዋል፤ ጅምላ ነጋዴው ለቸርቻሪው፣ ቸርቻሪው ለገዢው። ገዢው ግን የሚያሻግርለት ሰው የለውም። ገበያ ሲቀዘቅዝ ነጋዴው ከትርፉ ቀንሶ ጥቂቱን ራሱ የሚችልበት ጊዜ እንዳለ ሐቁ ይነገር። ሰው ሊተወው በማይችለው ነገር ላይ ግን፣ በጨው፣ በዘይት፣ በሳሙና፣ ሸክሙ ከሞላ ጎደል ወደ ተጠቃሚው ይወርዳል። እንግዲህ እውነተኛውን ግብር ከፋይ ለማወቅ የምንፈልገው፣ ሸክሙን ለማንም ማሳለፍ ያቃተውን ሰው ነው።

አሁን የቡና ሻጯን ስኒ እናንሳ። ስኒው ከውጭ የመጣ ነው። የመጓጓዣና የመድን ወጪው ተደምሮ ጉምሩክ 100 ብር ብሎ ተመነው እንበል። በጉምሩክ ታሪፍ ከፍተኛው የቀረጥ ምጣኔ 35 በመቶ ነው፤ በዚያ እናስላው። 100 ብሩ 135 ሆነ። ቀጥሎ 15 በመቶ ቫት፣ ማለትም የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ አለ። ቫቱ የሚሰላው ከ100 ብሩ ሳይሆን ቀረጡ ከተጨመረበት ከ135 ብሩ ነው፤ 20 ብር ከ25 ሳንቲም ይመጣል፣ ድምሩ 155 ብር ከ25። ከዚያ በ1999 ዓ.ም. የተጣለው 10 በመቶ ሱር ታክስ አለ። እንደ ማዳበሪያ ያሉ እሱ የማይነካቸው ዕቃዎች አሉ፤ የሚነካቸው ላይ ግን የሚሰላው ቀረጡም ቫቱም ከገቡበት ድምር ነው። 15 ብር ከ53 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። በእነዚህ ሦስቱ ብቻ የ100 ብሩ ዕቃ 170 ብር ከ78 ሳንቲም ሆኖ ከጉምሩክ ይወጣል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። 35፣ 15 እና 10 ሲደመሩ 60 ናቸው። የተከፈለው ግን 70 ብር ከ78 ሳንቲም ነው። ትርፉ 10 ብር ከ78 ሳንቲም በግብር ላይ የተጣለ ግብር ነው። ዕቃው በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ ታክስ ያለበት ቢሆን ኖሮ፣ ኤክሳይዙ ከቀረጡ ቀጥሎ ገብቶ የቫቱንም የሱር ታክሱንም መነሻ ከፍ ያደርገው ነበር።

ነገሩ በጉምሩክ በር አያበቃም። አስመጪው የከፈለውን ቫት በኋላ ከገዢ ከሚሰበስበው ላይ ያቀናንሰዋል። ቀረጡና ሱር ታክሱ ግን ወጪው ሆነው ይቀራሉ። 20 በመቶ ትርፍ ሲያስብ የሚያስበው ከ100 ብሩ ላይ ሳይሆን ከ150 ብር ከ53 ሳንቲሙ ላይ ነው። ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም፤ ገንዘቡ ከኪሱ ወጥቶ፣ ምናልባትም ከባንክ ተበድሮት፣ ስኒው እስኪሸጥ ታስሮበት ስለሚቆይ ነው። በዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ የሽያጩ ቫት ይታከላል። ስኒው ከአንድ አስመጪ እጅ ብቻ ሲወጣ 207 ብር ከ72 ሳንቲም ደረሰ። ከዚህ ውስጥ 77 ብር ከ62 ሳንቲሙ የመንግሥት ነው። ጅምላውና ችርቻሮው ገና አልተነኩም። ሴትየዋ ከመርካቶ ስትገዛው ደረሰኝ እንኳ ላይሰጣት ይችላል፤ ግብሩን ግን ከፍላለች። ደንበኛ ስኒ በሰበረባት ቁጥር ደግማ ትከፍላለች።

ስለ ስኳርና ስለ ጨውም አንድ ነገር ልጨምር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ስኳር ላይ 33 በመቶ፣ ጨው ላይ 30 በመቶ ጥሎ ነበር። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። የቀድሞው አዋጅ በሚሠራበት ጊዜ ግን የቪላ ባለቤትም ሆነ የቀን ሠራተኛ ወጡን በእኩል ጨው ያጣፍጥ ነበር። ባለጠጋው ሀብቱ መቶ እጥፍ ስለሆነ መቶ እጥፍ ጨው አይበላም። የዕለት ፍጆታ ግብር በትንሹ ሰው ላይ የሚከብድበት ምክንያቱ ይኸው ነው፤ አንዱ ከገቢው እፍኝ ሲቆርስ ሌላው የሚሰጠው ብናኝ ነው።

ቫት ታሪክ አለው። ሞሪስ ሎሬ የተባለ የፈረንሳይ የግብር ሹም የቀረጸው ሥርዓት በ1954 እ.ኤ.አ. በአገሩ ሥራ ላይ ዋለ፤ ወደ እኛ የገባው በ1995 ዓ.ም. የሽያጭ ታክስን ተክቶ ነው። መልካምነቱን መካድ አይገባም፤ እያንዳንዱ ነጋዴ የከፈለውን እያቀናነሰ ስለሚሄድ ግብር በግብር ላይ መቆለሉን ያስቀራል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ጥሬ እህል ቫት የለበትም» ሲባል ጤፉ ከግብር ነጻ የሆነ ይመስላል። ጤፉን ከጎጃም የሚያመጣው መኪና ጎማና መለዋወጫ ቀረጥ ተከፍሎበታል። የተቋጠረበት ጆንያም እንዲሁ በግብር ያለፈ ነው። እህል ነጋዴው ሽያጩ ከቫት ነጻ ስለሆነ ለጆንያውም ሆነ ለሌላ ግዢው የከፈለውን ቫት የሚያቀናንስበት መንገድ የለውም፤ ዋጋው ውስጥ ያስገባዋል። ከቫት ነጻ የሆነ ዕቃ ደረሰኙ ላይ ቫት አይጻፍበትም እንጂ በሆዱ ግብር ይዞ ነው የሚመጣው።

ወደ መጋዘን ሠራተኛው እንመለስ፤ የእሱ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት በቆየው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከግብር ነጻ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ነበር፤ ከ10,900 ብር በላይ ያለው ገቢ ደግሞ 35 በመቶ ይቆረጥበት ነበር። ሰውየው በዚያን ጊዜ ደመወዙ 5,000 ብር ነበር እንበል። ግብሩ 697 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ከደመወዙ 14 በመቶ ገደማ። ከስምንት ዓመት በኋላ ደመወዙ እጥፍ፣ 10,000 ብር ሆነ። ዋጋው ግን ከእጥፍ በላይ ነጉዷል፤ በ2014 ዓ.ም. ብቻ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሰውየው በ10,000 ብሩ የሚገዛው ድሮ በ5,000 ብር ይገዛ ከነበረው ያነሰ ነው። ግብሩ ደግሞ 2,045 ብር ሆነ፤ ከ20 በመቶ በላይ። በእውነቱ እየደኸየ ሳለ በወረቀት ላይ ስለከበረ ከፍ ያለ ምጣኔ ደረሰበት። ለዚህ የወጣ አዋጅ የለም። ማንም ተነሥቶ «ግብር ጨመርኩ» አላለም። የግብር ሠንጠረዡ ባለበት ቆመ፣ ዋጋው ሄደ፣ ግብሩ ራሱ አደገ።

በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ሠንጠረዡ ተሻሻለ። ነጻው ወለል 2,000 ብር ሆነ፤ 35 በመቶው ከ14,000 ብር በላይ እንዲጀምር ተደረገ። በዚህ ስሌት የሰውየው ግብር 1,650 ብር ነው። እፎይታ ነው፤ ይመስገን። ነገር ግን 1,650 ከ10,000 ሲታይ 16 ከግማሽ በመቶ ነው። ያነሰ ነገር የሚገዛ ደመወዝ እያገኘ፣ ድሮ 14 የነበረው አሁን 16 ተኩል ላይ ቀርቷል። በባንክ ምንዛሪም ብናየው፣ በ2008 ዓ.ም. ከፍተኛው ምጣኔ የሚጀምርበት 10,900 ብር ወደ 500 ዶላር ነበር፤ ማሻሻያው ሲወጣ 14,000 ብር 100 ዶላር ገደማ ነበር። የባለጠጋ ተብሎ የተሠራው ምጣኔ ዛሬ በታክሲ ተጋፍቶ ሥራ የሚገባውን ሰው እየያዘ ነው።

ይህ ሰው «በእጄ የገባው የራሴ ነው» ያለውን እንመርምር። ከ10,000 ብሩ 1,650 ግብር፣ 700 ብር ደግሞ የጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል። ጡረታው ግብር አይደለም፤ የነገ ራሱ ድርሻ ነው፣ በዚህ ላይ አልከራከርም። የቀረው 7,650 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 4,600 ብሩን ቫት ባለበት ነገር ላይ አወጣ እንበል፤ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድ፣ የልጅ ጫማ፣ እሁድ ቀን አንድ ምሳ። ከሚከፈለው እያንዳንዱ 115 ብር 15ቱ ቫት ስለሆነ፣ 4,600ን ለ115 አካፍለን በ15 ስናባዛ 600 ብር ይመጣል። ስለዚህ በግልጽ ሊቆጠር የሚችለው ብቻ 2,250 ብር ሆነ። በጫማው ውስጥ ያለው ቀረጥና ሱር ታክስ፣ በጤፉ ጆንያ ውስጥ ያለው ግብር ገና አልተቆጠረም። ጥቂት ብር ባንክ ቢያስቀምጥ፣ ዋጋ ከወለዱ አልፎ ሲሮጥ ገንዘቡ እየቀለለ ነው፤ ከዚያች ወለድ ላይም ግብር ይቆረጣል።

ይህ ሁሉ ለምን በጸጥታ ያልፋል? ፑቪያኒ የተባለ ጣሊያናዊ ምሁር በ1903 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ መልሱን አስተምሯል፤ ግብር በዋጋ ውስጥ ሲሸሸግና በትናንሹ ሲበተን ከፋዩ ሸክሙን በልኩ አይረዳውም። የእኛም ታሪክ ተቃራኒውን አሳይቶናል። በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ፣ የጎጃም ገበሬ የግብር ገማቹ ማሳው ድረስ ሲመጣበት አይቶ እምቢ አለ፤ ጦር እስከ መዝመት ተደረሰ። ደጁ የመጣውን አየው፣ ተከራከረው። የዛሬው ከተሜ ስኒና ሳሙና ውስጥ የገባውን በምን ዓይኑ አይቶ ይከራከር?

ግብር አትክፈሉ የምል አይምሰላችሁ። ትምህርት ቤቱም፣ መንገዱም፣ ጤና ጣቢያውም በሌላ ገንዘብ አይሠራም። ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ሲሉት ሥራቸውን እንዲተዉ አላዘዛቸውም፤ ከታዘዘው አልፈው እንዳይወስዱ ነው ያስጠነቀቃቸው። አዳም ስሚዝም በ1776 እ.ኤ.አ. ግብር እንደ አቅም የተመዘነና ለከፋዩ በግልጽ የሚታወቅ ይሁን ብሎ አስተምሯል። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚቀድመው የደመወዝ ግብር ሠንጠረዡ ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ እንዲታረም በሕግ መደንገጉ ነው፤ ሠራተኛ ዘጠኝ ዓመት መጠበቅ የለበትም። ሱር ታክስ በቫት ላይ የሚሰላበት አሠራርም ይቁም፤ ሰው በከፈለው ግብር ላይ ግብር ማስከፈል ፍትሕ አይደለም።

እናንተ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ወር ደረሰኝ አትጣሉ፤ ያልተሰጣችሁንም ጠይቁ። በወሩ መጨረሻ ቫት ያለባቸውን ደምሩ፣ ለ115 አካፍሉ፣ በ15 አባዙ። ከደመወዛችሁ ከተቆረጠው ግብር ጋር ደምራችሁ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ልጆቻችሁም ይዩት። እኔም የቡና ሻጯን ደረሰኞች አብሬያት ልቆጥር ቃል ገብቻለሁ።