የመረጃ ቋት ሰርቨሮችን ከፋይል ሰርቨሮች መለየት ለምን ያስፈልጋል?

አዳማ ላይ የጀመረውን የመመረቂያ ጽሑፍ በማግሥቱ ሻሸመኔ ሆኖ ለመቀጠል የሚፈልግ ተማሪ እናስብ። ተማሪው የፋይሉን ስም እንጂ ፋይሉ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር ማወቅ አይጠበቅበትም። ይህን የሚያስችለው አሠራር የተሠራጨ የፋይል ሥርዓት ይባላል። ከቀደምቶቹ አንዱ በአሜሪካ የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ከአይቢኤም ጋር በመተባበር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራው «አንድሪው» ነው። አይቢኤም በ2000 እ.ኤ.አ. የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል።

አንድሪው ሥራውን ለሁለት ይከፍላል። የፋይል ሰርቨሮች ፋይሎችን «ጥራዝ» በሚባሉ ክፍሎች ያስቀምጣሉ። የመረጃ ቋት ሰርቨሮች ደግሞ የትኛው ጥራዝ የት እንደሚገኝና ተጠቃሚዎች በየትኞቹ ቡድኖች እንደታቀፉ ይመዘግባሉ። የመጀመሪያዎቹን በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ፣ ሁለተኛዎቹን በካታሎጉ ልንመስላቸው እንችላለን። አንድ መደርደሪያ ቢወድቅ የሚታጡት በእርሱ ላይ የነበሩት መጻሕፍት ብቻ ናቸው። ካታሎጉ ቢጠፋ ግን መጻሕፍቱ ሁሉ በቦታቸው እያሉ ፈልጎ ማግኘት ያዳግታል።

ሁለቱን አገልግሎቶች በአንድ ማሽን ማስኬድ ይቻላል። ይሁን እንጂ የፋይል ሰርቨር ሥራ ይበዛበታል፤ ዲስኩ ሲሞላ ወይም ሲበላሽ ለጥገና ይዘጋል። ያን ጊዜ ካታሎጉም አብሮት ይቆማል። ከዚህም በላይ የተጠቃሚዎች ኮምፒውተሮች የመረጃ ቋት ሰርቨሮችን አድራሻ አስቀድመው ማወቅ ስላለባቸው፣ እነዚህ ሰርቨሮች አድራሻቸው በየጊዜው ባይለዋወጥ ይመረጣል። የፋይል ሰርቨር ግን ቢጨመር ወይም ቢቀነስ ካታሎጉ ይጠቁማል።

ካታሎጉን የሚይዘው ሰርቨር አንድ ብቻ ከሆነ ግን አደጋው አልተወገደም። ስለዚህ ሦስት ሰርቨሮች ተመሳሳይ ቅጂ ይይዛሉ፤ ከመካከላቸውም አንዱን አስተባባሪ አድርገው ይመርጣሉ። ለውጥ የሚመዘገበው አብላጫው ድምፅ ሲገኝ ብቻ ነው። ሰርቨሮቹ በአዳማ፣ በባቱና በሻሸመኔ ቢቀመጡና የአዳማው መስመር ቢቋረጥ፣ ባቱና ሻሸመኔ ከ3 ድምፅ 2ቱን ስለያዙ ምዝገባው ይቀጥላል። ብቻውን የቀረው የአዳማ ሰርቨር ለውጥ አይቀበልም፤ መስመሩ ሲመለስ አዲሱን ቅጂ ይወስዳል። ሁለቱም ወገን ለየብቻው ቢመዘግብ ኖሮ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሁለት ካታሎጎች በተፈጠሩ ነበር።

ይህ ሁሉ የሚጠብቀው ካታሎጉን እንጂ ፋይሉን እንዳልሆነ ልብ ይሏል። የተማሪው ጥራዝ የተቀመጠው አዳማ ከሆነ፣ መስመሩ እስኪመለስ ሻሸመኔ ላይ ሊጽፍበት አይችልም። በመሆኑም የመጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ ምንጊዜም አስፈላጊ ነው።

መልመጃ፦ ሰርቨሮቹ 5 ቢሆኑ፣ ምዝገባው ሳይቋረጥ ስንቶቹ ሊጠፉ ይችላሉ?