«የጌታ ወንድሞች» እና የእመቤታችን ድንግልና

በሐረር ጀጎል ከሙስሊም ወገኖች ጋር በጉርብትና ለምንኖር ምእመናን፣ እመቤታችን በድንግልና መፅነሷ አያከራክረንም፤ ቁርኣንም በ19ኛው ሱራ ይመሰክረዋልና። አስጨናቂው ጥያቄ የሚመጣው ከራሳችን ቤት፣ ወንጌልን ከሚያነቡ ወጣቶች ነው፤ «ታዲያ የጌታ ወንድሞች የተባሉት እነማን ናቸው?»

ካቴኪስቱ አይቆጣ፤ መጽሐፉን ይግለጥ። ማቴዎስ በ13፥55 ያዕቆብንና ዮሳን ከወንድሞቹ ይቈጥራቸዋል፤ በ27፥56 ግን የያዕቆብና የዮሳ እናት የተባለችው ሌላ ማርያም ናት። የአጎቱን ልጅ «ወንድሜ» ለሚል ሕዝብ ይህ አነጋገር እንግዳ አይደለም። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለዮሐንስ አደራ ሰጠ (ዮሐ. 19፥26-27)፤ ሌሎች ልጆች ወልዳ ቢሆን ኖሮ ይህ አደራ ምን ያስፈልግ ነበር?

ከመውለዷ በፊት፣ በወለደች ጊዜና ከወለደች በኋላ ድንግል መሆኗን የላተራን ሲኖዶስ እ.ኤ.አ. በ649 አጽንቷል። አባቶቻችን «ድንግል በክልኤ» ሲሉ በሥጋም በሐሳብም ማለታቸው ነው እንጂ ትዳርን መናቃቸው አይደለም፤ ለሙሽሮች ስናስተምር በዚህ እንጠንቀቅ።